ጭንቅላቴ ድረስ የወጣው እንግዴ ልጅ

የመጀመሪያው ፅንስ በአራት ወሩ የወረደብኝ ትምህርት ቤት ለፋሲካ በተዘጋበት ሳምንት ነው። ያን ጊዜ የሃያ አምስት ዓመት ሴት ነበርኩ፤ ሰቆጣ ላይ ሦስተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ባለቤቴ ሰይድ ከአባቱ በወረሰው ሱቅ ጨርቅና ጨው ይሸጣል። ሕመሜ የተጀመረው በዚያ ሳምንት እንደሆነ ግን እኔም ቤተሰቤም ያዩኝ ሐኪሞችም ዓመት ሙሉ አላወቅንም። ፅንስ ወርዶባት ደሟ አልቆም ያላት ሴት "ያለፈ ነገር ነው" ብላ እንዳትተወው፣ "በሽታው ጭንቅላት ገብቷል" የተባለ ሰውም ከሐኪሙ ፊት ሳይነሳ ራሱን እንዳይቀብር ብዬ ነው አሁን በዚህ ዕድሜዬ ብዕር ያነሳሁት።

ነገሩ ከመነሻው ደህና አልነበረም። ሆዴ ከወሩ አልፎ ገፍቶ ስለነበር የሰፈሩ ሴቶች መንታ ነው ይሉኝ ነበር። ያስመልሰኛል፤ ውሃ እንኳ ሆዴ አይረጋም። ሲወርድ አጠገቤ የነበሩት አማቴ እቴቴ ከድጃ ናቸው። የወጣውን በነጠላ ጠቅልለው ጓሮ ወስደው ቀበሩት። ምን እንደነበር ብጠይቃቸው አላህ ሌላ ይተካል ብለው ዘጉት። ፊታቸው ጠቁሮ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ደሙ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይቀራል። ሦስት ወር እንዳለፈ ቀበሌያችን ለሚሊሻ ሰው ሲመለምል ዕጣው ለሰይድ ደረሰው። ክረምቱ ሲገባ ወደ ማሠልጠኛ ሄደ። ሱቁን ታላቅ ወንድሙ ሙሐመድ ያዘው። እቴቴ ከድጃ ብቻዬን እንዳላድር ብለው ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደ እኔ መጡና አንድ መደብ ላይ አብረን መተኛት ጀመርን።

በኅዳር ሳል ያዘኝ። መጀመሪያ የብርድ መሰለኝ። አንድ ቀን ግን ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ስስል መሐረቤ ላይ ደም አየሁ። በዚያ ዘመን ደም የተፋ ሰው በሽታው ሌላ ስም አልነበረውም። የጤና ጣቢያው ድሬሰርም እንደማንኛውም ሰው የሳንባ ነቀርሳ ነው አለኝ፤ ደረትን በራጅ የሚያይበት መሣሪያ በሌለበት ምን ይበል! በየቀኑ መርፌ እወጋ ጀመር። የምበላበት ሳህን ተለየ፤ የሙሐመድ ልጆች ወደ ቤቴ መምጣት አቆሙ። ተማሪዎቼን አስለክፋለሁ ብዬ ርእሰ መምህራችንን ጋሼ ምስጋናውን ፈቃድ ብጠይቃቸው፣ መርፌ የጀመረ ሰው አያስተላልፍም ተብሏልና መስኮቱን ከፍተሽ አስተምሪ አሉኝ። ሁለት ወር ተወጋሁ። ሳሉ ባሰ እንጂ አልተሻለም። ራስ ምታትም ተጨመረበት፤ ጎህ ሲቀድ የሚጀምር፣ ቀና ስል የሚያስመልስ።

በየካቲት ክፍል ውስጥ ወደቅኩ። የማስታውሰው ግራ እጄ ጣቶቹ በራሳቸው መንቀጥቀጥ መጀመራቸውን ነው። እጄን በሌላው እጄ ይዤ ላቆመው ሞከርኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ስነቃ ጋሼ ምስጋናው ራሴን ደግፈው ይዘውኛል፤ ልጆቹ በር ላይ ተኮልኩለው ያያሉ። ምን ሆንኩ ልላቸው ፈልጌ አማርኛው ጠፋብኝ። ከአፌ የሚወጣው በልጅነቴ ከእናቴ ጋር የማወራው ኽምጣኛ ብቻ ሆነ። አማርኛ ብቻ የሚያውቁ ሁለት መምህራን ይህን ሰምተው ዛሩ እየለፈለፈ ነው ተባባሉ። እቴቴ ከድጃ በሩጫ ደርሰው ኖሮ አጠገቤ ተንበርክከው በኽምጣኛ መለሱልኝና ወደ መምህራኑ ዞረው፣ "ዛር አይደለም፤ ውሃ ስጡኝ ነው የምትለው" አሏቸው።

ከዚያ ቀን ወዲያ በሳምንት ሁለቴም ሦስቴም ይጥለኝ ጀመር። ጎረቤቶቻችን የቄስ ቤተሰቦች ጠበል ይዘውልኝ መጡ፤ እኛም ሼኹን ዱዓ አስደረግን። ሁሉንም በፍቅር ነው የተቀበልኩት፤ ዛሬም አላፍርበትም። ግን በሽታው መንገዱን አላቆመም። በመጋቢት ሙሐመድ በጭነት መኪና አሳፍሮ ዋናው መንገድ ላይ ወዳለች አንዲት ክሊኒክ ወሰደኝ። ስሟን አልጠራም። እዚያ ሽንቴንና ደሜን መረመሩ። ከሰዓት በኋላ ያየኝ ሰው ወረቀቱን አንብቦ ለእኔ ሳይሆን ለሙሐመድ ነገረው፤ እርጉዝ ናት፣ የሚጥላትም እርግዝናው ነው አለው። ሰይድ ከሄደ ስምንት ወሩ ነበር።

ሙሐመድ ወደ ሰቆጣ እስክንመለስ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። እኔም መማል እንኳ አልቻልኩም። የገዛ ሰውነቴ በእኔ ላይ የመሰከረ መስሎ ተሰማኝ። አንዳንዴ ከወደቅኩ በኋላ ለሰዓታት ራሴን ስለማላውቅ፣ እኔ ሳላውቅ ምን ሆኜ ይሆን እያልኩ ራሴን እስከ መጠራጠር ደረስኩ። ከሕመሙ ሁሉ የከፋው ይህ ነበር።

በማግስቱ የባለቤቴ ዘመዶች ተሰበሰቡ። ሙሐመድ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የወንድሙን ክብር ነበር የሚጠብቀው። ወደ አባቷ ቤት ትሂድ፣ ሰይድ ሲመጣ ራሱ ይፍረድ አለ። ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እቴቴ ከድጃ እስከዚያ ድረስ ጥግ ይዘው ተቀምጠው ነበር።

"ልጄ ከሄደ ጀምሮ ከዚህች ልጅ ጋር አንድ መደብ ላይ ነው የማድረው" አሉ። "ስትስል እሰማለሁ፤ ስትገላበጥ እሰማለሁ። እሷ ከወሰለተች እኔም አብሬያት ወስልቻለሁ ማለት ነው። እንግዲህ ሁለታችንንም አባርሩን።"

ሽማግሌዎቹ ሳይፈርዱ ተበተኑ። በሳምንቱ እቴቴ ከድጃ ለመንገዱ በቅሏቸውን ሸጡ። ጋሼ ምስጋናው የመንግሥት ሠራተኛ በመሆኔ በነፃ እንድታከም የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፈው፣ ማኅተም አስመትተው ሰጡኝ። ሁለታችን በጭነት መኪና ኮረም ወረድን፤ ከኮረም በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባን። እቴቴ ከድጃ ከኮረም ወዲያ ያለውን አገር አይተውት አያውቁም ነበር። መንገዱን ሙሉ ራሴ ጭናቸው ላይ ነበር።

በሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ አራት ቀን ወረፋ ጠበቅን። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሰው ነው የሚበዛው፤ ማን ከማን በፊት እንደመጣ ሁሉም በቃሉ ይይዛል። በአራተኛው ቀን አግዳሚው ላይ ጣለኝ። ስነቃ አንድ እግሩ በጨርቅ የተጠቀለለ የጎጃም ሰው የራሱን ተራ ለእኔ አስረክቦ ወደ ኋላ ሄዶ ተቀምጧል። ስሙን አልጠየቅኩትም። እስከ ዛሬ በዱዓዬ "ያ ሰውዬ" እያልኩ ነው የማነሳው።

ያየኝ ዶክተር ሰሎሞን የሚባል ወጣት ሐኪም ነው። የደረቴን ራጅ አስነሥቶ ብርሃን ላይ ሰቀለው፤ ሳንባዬ ላይ ክብ ክብ ነጫጭ ነገሮች ነበሩ። የሳንባ ነቀርሳ እንዲህ አይመስልም አለ። ዓይኔን በትንሽ መብራት አየና የዓይኔ ጀርባ ማበጡን፣ ይህም ጭንቅላቴ ውስጥ ግፊት እንዳለ እንደሚያሳይ ነገረኝ። የክሊኒኳን ወረቀት አነበበ። ከዚያ አንድም ሐኪም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀኝ፤ ከዚህ በፊት ፅንስ ወርዶብሽ ያውቃል ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። የወጣው ምን ይመስል ነበር ሲል ወደ እቴቴ ከድጃ ዞርኩ።

እሳቸው መሬት መሬት እያዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩት። ሽል አልነበረም አሉ። እንደተበጠሰ መቁጠሪያ፣ እንደ ሙሰበሃ ነበር፤ ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን እንክብሎች እርስ በርስ ተያይዘው እፍኝ ሙሉ። ልጄ ሰምታ እንዳትደነግጥ ብዬ ደበቅኳት አሉ።

ዶክተር ሰሎሞን ብዕሩን አስቀመጠ። እሱ ያስረዳንን እኔ በገባኝ ልንገራችሁ። አንዳንድ ጊዜ ፅንሱ ሳይፈጠር እንግዴ ልጁ ብቻ አብጦ እንደ ወይን ዘለላ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ከወጣ በኋላ ነገሩ ያበቃል። አልፎ አልፎ ግን ውስጥ የቀረው ወደ ካንሰር ይለወጥና በደም ተጉዞ ሳንባ ይገባል፣ ከሳንባም ጭንቅላት። የእርግዝና ምርመራ የሚለየው ከእንግዴ ልጅ የሚወጣውን ቅመም ነው፤ የእኔ በሽታ ራሱ ያንኑ ቅመም ያመነጫል። ስለዚህ ምርመራው አልዋሸም፤ ያነበበው ሰው ነው የተሳሳተው።

"እና እርጉዝ አይደለችም?" አሉ እቴቴ ከድጃ።

"አይደለችም እናቴ። ዓመት ሙሉ ወንድ ያላያት ሴትም ይህ በሽታ ካለባት ምርመራው እርጉዝ ይላታል።"

"እንግዲያው ይህንኑ በወረቀት ጻፍልኝ ልጄ። ማኅተምም ይኑረው።"

ስለ ካንሰሩ ገና አንድ ጥያቄ አልጠየቁም። ዶክተሩ ወረቀቱን ጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ ሰጣቸው። በዚያው ቀን ወደ ሰቆጣ ለሚሄድ ነጋዴ አስረከቡት፤ ሙሐመድ በሽማግሌዎቹ ፊት ያንብበው ብለው ላኩበት። ያን ጊዜ ነው ወደ እኔ ተመልሰው፣ አሁን ደግሞ በሽታውን እናድን ያሉኝ።

መድኃኒቱ በመርፌ ተጀመረ። አፌ ውስጡ ሙሉ ቆሰለ፤ ቀዝቃዛ አጥሚት ብቻ ነበር የሚወርድልኝ። በአምስተኛው ሳምንት ራጁ ሲደገም የሳንባዬ ክቦች ቀንሰው ነበር። ደስ አለን። ጭንቅላቴ ግን ባሰበት፤ ግራ እጄ ኩባያ መያዝ አቃተው፤ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየኝ ጀመር። ዶክተር ሰሎሞን ጭንቅላት በተፈጥሮው አጥር እንዳለው፣ መድኃኒት እንደልቡ እንደማያስገባ፣ ጨረር ግን አጥር እንደማይከለክለው ነገረን። የጨረር መሣሪያው ያን ጊዜ በአገራችን አልነበረም። በዚያው ሆስፒታል የምትሠራ አንዲት ሩሲያዊት ሐኪም ነበረች፤ ወደ ተማረችበት ከተማ ወደ ሌኒንግራድ ጻፈችልኝ። እዚያ ሄጄ እንድታከም የሐኪሞቹ ቦርድ ፈቀደ። አስታማሚ ግን አይፈቀድም ተባለ።

በሰኔ መጀመሪያ ብቻዬን ተሳፈርኩ። እቴቴ ከድጃ መርካቶ አንዲት የወሎ ሴት ቤት ሆነው ሊጠብቁኝ ቀሩ። እንዳያለቅሱ ፈርቼ ነበር፤ አላለቀሱም። ዱዓ አድርገው ፊቴን ዳሰሱኝና ሂጂ አሉኝ።

ሌኒንግራድ ስምንት ሴቶች በተኙበት ክፍል አስተኙኝ። ቋንቋ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ። ገነት የምትባል እዚያው ሕክምና የምትማር ኢትዮጵያዊት በየእሑዱ እየመጣች ታስተረጉምልኝ ነበር። ያስቸገረኝ አንዱ ነገር ፀሐይዋ ናት። በዚያ ወር እዚያ አገር ሌሊቱ አይጨልምም፤ ፀሐይ አልጠልቅ ትላለች። መግሪብ መቼ ልስገድ ብዬ ለገነት ብነግራት፣ እሷ ክርስቲያን ናት፣ አሰበችና የዚህ አገር ሰዓትና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነው፣ የአገርሽ ፀሐይ ስትጠልቅ ስገጂ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ የእጅ ሰዓቴን እያየሁ፣ አሁን ሰቆጣ ላይ ጀምበር አዘቀዘቀች እያልኩ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እሰግድ ነበር።

ጨረሩን ለማያውቅ ሰው እንዴት እንደነበር ልንገር። ፀጉሬን ላጩኝ። ራሴን በማስመሪያ ለክተው ከጆሮዬ በላይ በሐምራዊ ቀለም መስመር አሰመሩብኝ፤ እንዳታጠቢው ተባልኩ። መሣሪያው ኮባልት የሚሉት ነው፤ አንድ ትልቅ የብረት ራስ በክንድ ላይ ተንጠልጥሎ። ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ግንባሬን በቀበቶ አሰሩ። ሁሉም ወጡ፤ ወፍራሙ በር ተዘጋ። እንደ ንብ መንጋ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ለጥቂት ደቂቃ በቀኝ፣ ከዚያ ገልብጠው ለጥቂት ደቂቃ በግራ። አይሞቅ፣ አያም፣ አይታይ። ምንም ያለመሰማቱ ነው ያስፈራኝ፤ አልሠራ ይሆን እያልኩ እጨነቅ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ሲቀር በየቀኑ፣ ሦስት ሳምንት።

መሣሪያውን የምታንቀሳቅሰው ታማራ የምትባል ወፈር ያለች ሴት ናት። በሁለተኛው ቀን መፍራቴን አይታ በምልክት ምን ልበልሽ አለችኝ። እኛ አገር የፈራን ሰው አብሽር እንላለን፤ ለሴት ሲሆን አብሽሪ። እሱን አስተማርኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን ከመዝጋቷ በፊት "አብሽሪ ዘሃራ" ትለኝ ነበር። በዚያ ብረት ቤት ውስጥ የአገሬን ቃል ስሰማ ልቤ ይረጋ ነበር።

በሰባተኛው ቀን ክፉኛ ታመምኩ። ራስ ምታቱ ከበፊቱ ከፋ፤ አስመለሰኝ፤ ጣለኝም። ጨረሩ የገደለኝ መሰለኝ። ገነት ጨረሩ መጀመሪያ ሲመታው ጭንቅላት እንደሚያብጥ፣ እብጠቱን የሚያወርድ ክኒን እንደጨመሩልኝ ነገረችኝ። እኔን ያስጨነቀኝ ደግሞ ሌላ ነበር፤ ጨረሩ የሚያልፈው በሙሉ ጭንቅላቴ ነው፤ የማውቀውን ሁሉ ቢያጠፋውስ? ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቼን ስም በመዝገቡ ተራ እጠራ ጀመር። ስልሳ ሁለት ነበሩ። አንዳንድ ቀን አርባ ላይ እቆማለሁ። አንዳንድ ቀን ፊታቸው ይመጣል፣ ስማቸው አይመጣም።

ከዐሥረኛው ጨረር በኋላ አንድ ጠዋት ነቅቼ ለረጅም ጊዜ ጋደም እንዳልኩ ቆየሁ። አንድ ነገር ጎድሎ ነበር፤ ምን እንደጎደለ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ራሴን አላመመኝም። ቀና አልኩ፤ አላስመለሰኝም። በዚያ ሳምንት መጨረሻ ገነት ስትመጣ የጋውኔን ቁልፍ በግራ እጄ ቆለፍኩላት። እሷ ናት ያለቀሰችው። እኔ ደግሜ ፈትቼ ደግሜ እየቆለፍኩ እስቅ ነበር።

መድኃኒቱን እዚያው ቀጠሉልኝ። የሽንት ምርመራው በየሁለት ሳምንቱ ይደገማል፤ ቅመሙ ከፍ ካለበት እየወረደ ሄደ። በመስከረም ማለቂያ እርጉዝ አይደለሽም የሚል ወረቀት ሰጡኝ። በዚህ ቃል እንደኔ የተደሰተች ያገባች ሴት ያለች አይመስለኝም። በረዶ መጣል ሲጀምር ወደ አገሬ ተመለስኩ።

አውሮፕላን ጣቢያ እቴቴ ከድጃን ብቻ ነበር የጠበቅኩት። አጠገባቸው ግን በወታደር ልብስ የከሳ ሰው ቆሟል። ሰይድ ፈቃድ ወስዶ መጥቷል። ሻርፔን ወደ ኋላ ሳብ አድርጌ መላጣዬን አሳየሁት፤ መደበቅ አልፈለግኩም። የመርካቶዋ ሴት ቤት ስንደርስ እናቱ ሆን ብለው ወጡልን።

"የወንድሜ ደብዳቤ ሲደርሰኝ አምኜው ነበር" አለኝ። "የዶክተሩ ወረቀት እስኪደርስ ሁለት ወር ሙሉ ወስልተሻል ብዬ አምኜ ነበር። ይህን ሳልነግርሽ አብሬሽ መኖር አልችልም።"

ዋሽቶ አልጠረጠርኩሽም ቢለኝ ይቀለው ነበር። እኔም ከክሊኒኳ ስወጣ ራሴን መጠራጠሬን ነገርኩት። ከዚያ አዳመጥኩት፤ እሱም አዳመጠኝ። ይቅርታው በአንድ ቀን አላለቀም፤ ግን የተጀመረው ያን ቀን ነው። ሙሐመድም ሰቆጣ ስገባ ከኬላው ጀምሮ ሻንጣዬን ተሸክሞ ነበር የወሰደኝ።

ዋጋ አልከፈልኩም አልልም። ከራሴ አናት ላይ ፀጉሬ ሳስቶ ነው የበቀለው። አዲስ ስም አይያዝልኝም፤ የዕለት ሥራዬን ካልጻፍኩት ይጠፋብኛል። ግን አስተማሪነቴን ቀጠልኩ፤ በሦስተኛው ዓመት በሐኪም ፈቃድ አርግዤ ሴት ልጅ ወለድኩ። ድርቁንም ጦርነቱንም በሕይወት ቆይቼ አየሁ።

በቅርብ ዓመታት ለምርመራ አዲስ አበባ ስሄድ አንድ ወጣት የጨረር ሐኪም ታሪኬን ሰምቶ መሣሪያውን አሳየኝ። ዛሬ የጨረር ሕክምና በአገራችንም አለ። ጭንቅላትን ሳይከፍቱ ውስጡን በምስል እንደሚያዩ፣ እባጩ ጥቂት ከሆነ ቀጫጭን ጨረሮችን ከብዙ አቅጣጫ ልከው እሱ ላይ ብቻ እንደሚያገናኟቸው፣ ይህም መሣሪያው ባለበት አገር አንዳንዴ በአንድ ቀን እንደሚያልቅ ነገረኝ። ሙሉ ጭንቅላት መታከም ቢኖርበት እንኳ ትዝታ የሚቀመጥበትን ቦታ ለማትረፍ የሚሞክሩበት ዘዴ መጥቷል። የተማሪዎቼን ስም አስቤ ደስ አለኝ፤ ትንሽም ቀናሁ። እውነቱንም አልደበቀኝም፤ የእኔ ዓይነቱ በመድኃኒትና በጨረር ከሚሸነፉት ወገን ነው፣ ሌላው ሁሉ እንዲህ አይደለም አለኝ። ለብዙዎች ግን ጊዜ ይጨምራል፤ የተጨመረ ጊዜ ደግሞ ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ወደ ድሮው ልመለስ፤ ልጄ ገና ጡት ሳትጥል ደስታ የምትባል፣ ከሰቆጣ አቅራቢያ ከጋዝጊብላ የመጣች ሴት በገበያ ቀን ቤቴ መጣች። ፅንስ ወርዶባት ደሟ አልቆም ብሏል፤ ያቺ አስተማሪ ታውቃለች ብለው ልከዋት ነው። የወጣው ምን ይመስል ነበር አልኳት። የእንቁራሪት እንቁላል ይመስል ነበር አለችኝ። ሌላ አልጠየቅኳትም። በማግስቱ ልጄን አዝዬ፣ የድሮ ወረቀቴን ይዤ፣ ራሴ ትልቁ ሆስፒታል ድረስ ወሰድኳት። ሳንባዋ ንጹሕ ነበር። መድኃኒት ብቻ ሰጥተው ለክትትል አቆዩዋት።

ከወራት በኋላ ድና ስትመለስ አንድ ቅል ማር ይዛልኝ መጣች። ሙሉውን አጫወተችኝ። ወደ ጨረር አልላኩሽም አይደል ብዬ ጠየቅኳት።

"ጨረር ደግሞ ምንድን ነው እትዬ?" አለችኝ።

አልሐምዱሊላህ አልኩ። አላስረዳኋትም።